አንድም መርከብ ያላሰጠመችው ሰርጓጅ መርከብ

ዛሬ ፒያሳ ላይ አንዲት የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ አዋረደችኝ።

ካፌ ውስጥ ከጋሽ ተፈራ ጋር ማኪያቶ እየጠጣን ነበር። ጋሽ ተፈራ ዕድሜ ልካቸውን መኪና መንዳት ያስተማሩ የሰፈራችን አዛውንት ናቸው። የራሳቸው መኪና ግን ኖሯቸው አያውቅም።

እኔን ደግሞ ስልኬ ላይ ያነበብኩትን ተርክ ማን አለኝ!

«በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች አንዲት ያረጀች ሰርጓጅ መርከብ ነበረቻቸው። ሞተሯ በነጭ ጋዝ ስለሚሠራ ጭሷ ከሩቅ ይታያል። እንድትደበቅ የተሠራች መርከብ እኮ ናት!»

«ስንት መርከብ አሰጠመች ታዲያ?» አሉኝ።

«አንድም! ጦርነቱን በሙሉ መርከበኛ ስታለማምድ ከረመች። እሱም የጦር አገልግሎት ተብሎ ተጻፈላት» ብዬ ሳቅኩ። ብቻዬን።

«ያሰጠሙትን ማን አስተማራቸው?» አሉና ባርኔጣቸውን አነሱ።

ወጥተን የታክሲ ሰልፍ ያዝን። ሰልፉ መጨረሻው አይታይም።

ወዲያው አንድ ሚኒባስ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ሾፌሩ ዘሎ ወርዶ፣ ጋቢና የተቀመጠውን ባለ ከረባት ወደ ኋላ አዛወረና «ጋሼ፣ እኔ እያለሁ እርስዎ ሰልፍ? ይግቡ!» አላቸው። ከኋላ ጥሩንባ የሚያስጮኸው ሾፌርም ጋሽ ተፈራን ሲያይ ዝም አለ። ለካ እሱም ተማሪያቸው ነው።

ተከትዬ ልገባ ስል ረዳቱ «ሞልቷል ወንድሜ» አለኝ።

ጋሽ ተፈራ በመስኮት እጃቸውን አውለበለቡልኝ። ሚኒባሱም እያጨሰ ሄደ።

ይህን የምጽፈው እዚያው ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። እናንተስ፣ በማን ስቃችሁ ነው የቀራችሁት? ጻፉልኝ፣ ጊዜ አለኝ።