የሱሚትራ ሠረገላ

ባለፈው እሑድ ከጀሞ ወደ መካኒሳ ስመጣ የተሳፈርኩበት ታክሲ መሃል አስፋልት ላይ ቀጥ አለ። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አየና «ሰልፍ ነው» አለን። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «በዚህ ዝናብ የምን ሰልፍ ነው» እያሉ ሲያጉረመርሙ ነው ድምፁን የሰማሁት። እፍኝ የማይሞሉ ሁለት የነሐስ ሳህኖች እርስ በርስ ሲጋጩ የሚወጣ ቀጭን ድምፅ ነው። ከሰማሁት ሃያ ዓመት አልፎታል። «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩ።

ህንዶች ናቸው። ቀይና ቢጫ ጨርቅ የለበሰ ከፍ ያለ ሠረገላ በወፍራም ገመድ እየጎተቱ ይመጣሉ። ፊት ፊት ሳሪ የለበሱ ሴቶች በእርጥቡ አስፋልት ላይ እየጨፈሩ፣ ከኋላ ከበሮ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ ወንዶች፤ ከዳር ደግሞ የሰፈሩ ወጣቶች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ። ሠረገላው ላይ ዓይናቸው የድስት ክዳን የሚያህል ሦስት የእንጨት ምስሎች ተደርድረዋል። እጅ የላቸውም። አጠገቤ የቆመ አንድ ልጅ ጓደኛውን «እጃቸውን ሳይጨርሱት ነው እንዴ ያወጧቸው?» ሲለው ሰማሁና ልመልስለት ዞር አልኩ፤ እንባ ቀደመኝ።

ሱሚትራ የመካኒሳ ጎረቤታችን ነበረች። ባሏ ክር ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሚጠግን ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሰፈሩ ስሙን ለመያዝ ስላልደከመ «ሚስተሩ» ይለው ነበር። ከግቢያችን ፊት ለፊት ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው ሰባት ዓመት ኖሩ። ክረምት ሲገባ ሱሚትራ ሳሪዋ ላይ የባሏን ሹራብ ትደርብና የሳሪውን ጫፍ ሰብስባ ቦቲ ጫማዋ ውስጥ ትጠቀጥቃለች። ጸጉሯ ኮኮናት፣ ቤቷ የሰናፍጭ ዘይትና ሄል ይሸታል። አማርኛ የተማረችው ከጉሊት ሴቶች ስለሆነ ሽንኩርት ላይ ስትከራከር የሚችላት አልነበረም። አክብሮት ላይ ግን ይምታታባታል፤ ቄሱን «አንተ» ብላ ድመታችንን «እርስዎ» ትላለች። በመጨረሻው ዓመት እኔ አሥር ዓመቴ ነበር። እናቴ እስክትቀና ድረስ ነበር የምወዳት።

የመጣችው ከውቅያኖስ ጥግ ካለች ከተማ ነው። እዚያ በየዓመቱ ክረምት ላይ ሦስት አማልክት፣ ሁለት ወንድማማቾችና እህታቸው፣ ከቤተ መቅደሳቸው ወጥተው በሠረገላ ወደ አክስታቸው ቤት ይሄዳሉ። የሚጎትታቸው ሕዝቡ ነው። ገመዱን የነካ ይባረካል፤ ማን ነህ፣ ከየት ነህ የሚል የለም። ሱሚትራ በእናቷ ጀርባ ከታዘለችበት ጊዜ ጀምሮ እኛ አገር እስክትመጣ ድረስ ገመዱ አምልጧት አያውቅም። ከመጣች ወዲህ እናቷ በየዓመቱ ደብዳቤ ትጽፍላታለች፤ የደብዳቤው መጨረሻ ሁልጊዜ «ገመዱን ላንቺም ነካሁልሽ» ነበር። በሰባተኛው ዓመት እናቷ ሞተች። እናቴ ለልቅሶ ስትሄድ ተከትያት ገባሁ። ሱሚትራ ወለሉ ላይ ተቀምጣ «አሁን የሚነካልኝ ሰው የለም» አለች።

አባቴን ሰፈሩ ጋሽ ደምሴ ይለው ነበር፤ አናጺ ነበር። ወርክሾፑ ግቢያችን ውስጥ ያለች የቆርቆሮ ዳስ ስትሆን፣ የጽድ ፍቅፋቂና የኮላ ሽታዋ እስከ መኝታችን ድረስ ይከተለን ነበር። ከልቅሶው ሁለት ወር በኋላ ሱሚትራ የልጆች ደብተር ይዛ መጣች። ደብተሩ ላይ ባለ አራት ጎማ ሠረገላ በእርሳስ ሥላበታለች። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ብዙ ካየው በኋላ እንዲህ አላት፦

«ጣዖት አልሠራም፤ ገመድም አልጎትትም። ጋሪ ግን ጋሪ ነው፤ እሠራልሻለሁ።»

«ምስሎቹማ አሉኝ። እናቴ ናት የሰጠችኝ» አለች።

ሥራው አንድ ወር ፈጀ። አባቴ መቼም አንድን ነገር ጋሪ ነው ብሎ ጋሪ አድርጎ መተው የማይሆንለት ሰው ነው። ጎማዎቹን ከባሕር ዛፍ ግንድ ቆርጦ በብረት ከበባቸው፤ ለመቀመጫው አራት ምሰሶ አቁሞ ጫፋቸውን እንደ አልጋ እግር ጠረበ። እሷ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ሴት ልጆች ሰብስባ በረንዳዋ ላይ ጭፈራ ታስተምረናለች። ተረከዝ መትቶ፣ ጉልበት ሰብሮ፣ ዓይንን ከግራ ወደ ቀኝ ማንከባለል። እግሩን ያዝነው፤ ትከሻችን ግን ሳናዘው ይነቃነቅብን ነበር። እሷም መጀመሪያ ተቆጣች፣ ኋላ ተስፋ ቆረጠች፣ በመጨረሻም እሷው ከእኛ ተማረች።

ከበዓሉ አስራ አምስት ቀን በፊት ምስሎቹ በብዙ ውሃ ይታጠባሉ። ከዚያ ብርድ ይመታቸዋል፤ ታመሙ ተብሎ እስከ በዓሉ ድረስ ማንም አያያቸውም። ይህን ስትነግረን እናቴ ደነገጠች።

«ጠያቂ የለም?» አለቻት።

«የለም፣ እትዬ። ማንም አይገባም።»

«ታመው ጠያቂ ከሌላቸውማ አይ መከራ» አለች እናቴ፤ የምሯን ነበር ያዘነችው።

የሱሚትራ ቤት ሁለት ክፍል ናት። የትም ብትሸሽጋቸው ዓይኗ ያርፍባቸዋል። ስለዚህ ሦስቱን በቀይ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ከሳጥን ከታ፣ ወርክሾፑ ውስጥ እንዲቀመጡላት አባቴን ለመነችው። ስንዝር ተኩል የሚሆኑ ትንንሽ ምስሎች ናቸው። አባቴም ሳጥኑን ከመደርደሪያው ላይ አስቀመጠ።

በሦስተኛው ቀን የሠረገላውን መቀመጫ ለመለካት ሳጥኑን ከፈተው። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። አንዱን አንስቶ አገላብጦ አየ፤ ሁለተኛውን አነሳ፣ ሦስተኛውን አነሳ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ለካ ሕመማቸው ይሄ ነው» አለ። ከህንድ ሲመጡ መንገድ ላይ እጃቸው ተሰብሮባት፣ ልትነግረው አፍራ ነው ብሎ ደመደመ። «ጣዖት አልሠራም አልኩ እንጂ የተሰበረ አልጠግንም አላልኩም። ለሰው እንዳትናገሪ፤ ድንገት አይታ ትደሰት» አለኝ። ከወይራ እንጨት ስድስት እጅ ጠረበ። ለእያንዳንዱ አምስት አምስት ጣት አወጣለት፤ ጥፍር ሳይቀር። በብርጭቆ ወረቀት አልስልሶ በኮላ ሲያጣብቃቸው ትንፋሹን ይዞ ነበር። እኔም ምስጢር መጠበቅ እንዲህ ደስ ይላል እንዴ እያልኩ ከረምኩ።

በበዓሉ ጠዋት አባቴ ሳጥኑን ተሸክሞ ወደ ሱሚትራ ግቢ ገባ። ሠረገላው በቀይ ጨርቅ አጊጦ ቆሟል። ሚስተሩና ሦስት የፋብሪካ ጓደኞቹ ገመዱን ይዘዋል፤ እኛ ልጆቹ የተዋስነውን ነጠላ እንደ ሳሪ ጠምጥመን ተሰልፈናል። ሱሚትራ አዲስ ቢጫ ሳሪ ለብሳ ከአጥር የለቀመችውን አበባ በሳህን ይዛ መጣችና ሳጥኑን ከፈተች። ጨርቁን ገለጠች። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ጋሽ ደምሴ፣ እጅ ማን አወጣላቸው?»

አባቴ ፈገግ እንዳለ ነበር። «በመንገድ የተሰበረባቸው መስሎኝ...»

አልተቆጣችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችው። በጥንት ጊዜ ምስሎቹን የሚሠራ አናጺ ሳልጨርስ በሩን እንዳትከፍቱ ብሎ ቤት ገብቶ ይዘጋል። ንጉሡ ግን መታገሥ አቅቶት ይከፍተዋል። አናጺው ጠፋ፣ ምስሎቹም ያለ እጅ ቀሩ። ከዚያ ወዲያ እንደዚያው ናቸው፤ ሰው የሚያውቃቸውም እንደዚያ ነው። እጅ ያላቸው ሠረገላ ላይ ወጥተው አይታወቅም።

የአባቴ ፊት አመድ መሰለ። ቆቡን አወለቀ። በአርባ ዓመት ሥራው አንድም ሰው ዕቃዬን አበላሸህብኝ ብሎት አያውቅም። ከኪሱ መሮውን አውጥቶ «አሁኑኑ አነሳዋለሁ» አለ። ወይራው ሲነሳ የድሮውን እንጨት ይዞት ሊሄድ እንደሚችል እኔ እንኳ አውቃለሁ። ምስጢሩን ጠብቄ የእናቷን ስጦታ ያስበላሸሁት፣ በዓሉንም ያስቀረሁት እኔ ነኝ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

ሱሚትራ ምስሎቹን ብዙ አየቻቸው። ከዚያ መሮውን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ተው። ዛሬ ከሕመም የተነሱበት ቀን ነው። ከሕመም የተነሳ ሰው እጁ አይቆረጥም» አለች። ቀጥላም «እዚያ በሩ ቶሎ ተከፍቶ እጅ ቀረ፤ እዚህ ሳጥኑ ቶሎ ተከፍቶ እጅ መጣ» ብላ ሳቀች፤ እያለቀሰች ነበር የምትስቀው።

ስድስቱም እጆች ላይ አበባ አንጠልጥላ ሠረገላው ላይ አወጣቻቸው። መንገዱ ከእሷ በር ተነስቶ፣ በወፍጮ ቤቱ ዞሮ፣ የአክስት ቤት ይሁን ወደተባለው ወደ አባቴ ወርክሾፕ ነው። ሰፈሩ በየበሩ ቆሞ ያያል፤ የሚያማትብም ነበር። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ የኋላው ጎማ እስከ ግማሹ ጭቃ ውስጥ ገባ። አራቱ ወንዶች ጎተቱ፣ ሱሚትራ ጎተተች፣ ንቅንቅ አላለም። ዝናቡም ጀመረ። ይሄኔ ባለሱቁ ከድር ሱሪውን ሰብስቦ ከሱቁ ወጣ።

«ጋሪ ጭቃ ይዞት ቆማችሁ ታያላችሁ እንዴ? ነውር አይደለም?» አለ፤ ገመዱንም ያዘ።

ከዚያ ወፍጮ ቤት የነበሩት መጡ፤ ነጠላቸውን ያሸረጡ ሴቶች መጡ፤ ሲያማትቡ የነበሩትም መጡ። አባቴ ገመድ አልነካም ያለ ሰው ነውና ከኋላ ዞሮ «ያጠመደን የእኔ ጎማ ነው» እያለ ትከሻውን ሰጠ። ሱሚትራ ገመዱን ለቀቀች። ያን ሁሉ እጅ ገመዱ ላይ አየች። ቦቲ ጫማዋን አውልቃ፣ የነሐስ ሳህኖቿን እያጋጨች፣ ፊቷን ወደ ሰዉ አዙራ ወደ ኋላ እየሄደች ጨፈረች። ትከሻዋ እንደ እኛ ትከሻ ይነቃነቅ ነበር። ስታልፈኝ «እናቴ ሆይ፣ ላንቺም ነካሁልሽ» ስትል ሰማኋት፤ በእኛ ቋንቋ ነው ያለችው።

ምስሎቹ ወርክሾፑ ውስጥ ዘጠኝ ቀን ከረሙ። «እኔ እዚያ አልደርስም» ብላ የነበረችው እናቴ በሁለተኛው ቀን ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ ላይ ባልዲ ደቀነች። «ገና ከሕመም የተነሱ ናቸው» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

በታኅሣሥ የሚስተሩ ኮንትራት አለቀና ሄዱ። አባቴ እጆቹን ቀስ ብዬ ላንሳልሽ ወይ አላት። «ቤተ መቅደስ አያስገቧቸውም። የእኔ ቤት ግን ያስገባቸዋል» ብላ እንዳሉ ይዛቸው ሄደች። ሠረገላውን ግን እንዲያፈርሰው አደራ አለችው። በአገሯ ደንብ ሠረገላ ለዓመት አይቀመጥም፤ ይፈርስና እንጨቱ ለብዙ ሰው ምግብ ማብሰያ ይሰጣል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ይሠራል። አባቴ እሺ አለ፤ አላፈረሰውም። ከወርክሾፑ ጀርባ ሸራ አልብሶ አቆመው። ሰኔ በመጣ ቁጥር ሸራውን ገልጦ የጎማውን ዘንግ ግራሶ ይቀባዋል። እናቴ «ለማን ነው?» ስትለው «ድንገት ብትመጣ» ይላል። እኔም አድጌ፣ ሥራ ይዤ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከገባሁም በኋላ በሰኔ ስመጣ መጀመሪያ የማየው ያንን ሸራ ነበር። አልመጣችም። ደብዳቤም አልላከችም። እስከ ዛሬ ትናፍቀኛለች።

አባቴ ከሦስት ዓመት በፊት በሐምሌ ሞተ። አስከሬኑ ሳይወጣ በፊት የእድሩ ሴቶች የንፍሮውን ድስት ጥደው እሳቱ አልያዝ አላቸው፤ በግቢው ያለው እንጨት ሁሉ ውሃ ጠጥቷል። እናቴ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ሆና «ከሸራው ሥር ደረቅ እንጨት አለ» አለቻቸው። እሱስ አይሆንም ልል ብድግ ብዬ ነበር። ግን የሱሚትራ አደራ ትዝ አለኝና መጥረቢያውን ከወርክሾፑ ራሴ አመጣሁት። ሃያ ዓመት የደረቀ ጽድና ባሕር ዛፍ ነው፤ ወዲያው ተቀጣጠለ። ከቀብር ስንመለስ ንፍሮው በስሎ ጠበቀን። ያኔ ገመዱን ከጎተቱት ውስጥ በሕይወት ያሉት ሁሉ መጥተው ነበር፤ ከድርም ነበር። እጃቸውን ታጥበው እፍኝ እፍኝ ዘገኑ።