ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ያለ ዘንግ

ትልቁ አጎቴ ሰዓት ሠሪ ነው። መንደሩ «ልክ አይደለም» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ዕቃ ባመጡለት ቁጥር አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ የሚላት እሷኑ ስለሆነች። ለሰዓት ዕቃ ብቻ ቢላት ደግ ነበር። የእህቴን እጮኛም መነጽሩን ሳያወልቅ ከላይ እስከ ታች አይቶ «ልክ አይደለም» ብሎታል፤ ያውም ፊት ለፊቱ።

ትንሹ አጎቴም ሰዓት ሠሪ ነው። አባታቸው የሞተ ጊዜ ሱቁን መሃል ለመሃል በኮምፔርሳቶ ከፈሉት። ሱቅ መካፈል ያለ ነው፤ እነዚህ ግን አንዱ ያለ ሌላው እንዳይሠራ አድርገው ነው የተካፈሉት። ትልቁ የአባታቸውን የእጅ ሰዓትና የሥራ ጠረጴዛውን ወሰደ። ትንሹ የመለዋወጫውን ሳጥንና ብረት የሚያቀጥኑባትን ትንሿን ቶርኖ ወሰደ። ሰዓቱ ያኔ ለጥገና ተፈትቶ ስለነበር፣ ውስጡ ወዲያ ወዲህ የምትወዛወዘውን ክብ ብረት የምትሸከመው ፀጉር የምታህል ዘንግ ሳጥኑ ውስጥ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ከኮምፔርሳቶው ወዲያ «ይማርህ» እንኳ አይልም።

አያቴ ዓይኗ ከጠፋ በኋላ ትልቁን ልጇን ለመነችው።

«የአባትህን ሰዓት አስነሣልኝ። ትራሴ ሥር አድርጌው እየሰማሁት ልተኛ።»

«እሺ እማዬ፣ ምን ገዶኝ!»

«ዘንጉ ወንድምህ ጋ ነው አይደል? ጠይቀው።»

«እሱን? ሞቼ ነው ቆሜ!»

ከዚያ በኋላ ያልበረበረው ውራጅ ተራ የለም። የሞቱ ሰዓቶች እየሰበሰበ ሆድ ዕቃቸውን ዘረገፈ። የሚቀርብ ዘንግ ሲያገኝ ፊቱ ይፈካል፤ ዘንጓ የምትቆምበት የአባቱ ሰዓት ቀዳዳ ላይ ሲሞክራት ወፍራም ትሆንበታለች። አባቱ ቀዳዳውን ድሮ በራሱ እጅ አጥብቦ ሠርቶት ስለነበር ከፋብሪካ የወጣ ዘንግ አይገባበትም። ዘንጉን በቶርኖ ማቅጠን ነበረበት። ቶርኖዋ ደግሞ ወዲያ ማዶ እዝዝ ትላለች። ድምፅዋን በሰማ ቁጥር ደሙ ይፈላል።

እኔም አላስቻለኝም፤ «ጋሼ፣ እኔ ሄጄ ላምጣልህ» አልኩት።

«እግርሽ እዚያ ቢረግጥ እዚህ እንዳትመለሺ!»

አባታቸው ሁለቱንም ሲያስተምር አንድ ነገር አጥብቆ ይከለክላቸው ነበር። የሚሞረደው አዲሱ ዕቃ ነው፤ ሰዓቱ አይነካም። ዕቃ ቢበላሽ ሌላ ይፈለጋል፣ ሰዓቱ ከተበላሸ ግን አለቀ። ይህን ትልቁ አጎቴ ከማንም በላይ ያውቃል። እያወቀ፣ ወንድሙን ላለመጠየቅ ሲል ብቻ፣ ቀጭን መሞረጃ አንስቶ የአባቱን ቀዳዳ ማስፋት ጀመረ። አጠገቡ ቆሜ ነበር። ብረቱ ጠቅ ሲል ሰማሁት። ከቀዳዳው እስከ ጠርዙ ተሰንጥቋል። እንዲህ ያለ ሰዓት ደግሞ ስንት ፈልጎ አንድም አላገኘም።

ላቡን ሳይጠርግ በሩ ተከፈተ። ትንሹ አጎቴ እናቱን በክንዷ ይዞ ገባ። ለካ በራሷ ሄዳ ለምናው ኖሯል። በሶፍት የተጠቀለለች ነገር ጠረጴዛው ላይ ወረወረ።

«እንካ! ለሷ ብዬ ነው እንጂ ላንተስ እሳት አላቀብልህም።»

ትልቁ እጁን አልዘረጋም። ትንሹ ነገሩ አላማረውም፤ መነጽሩን ነጥቆ ሰዓቱ ላይ አጎነበሰ።

«ምን አባክ ነው ያደረግኸው? የአባባን ቀዳዳ ሞረድከው?»

«አንተ ቶርኖዋን ታቅፈህ ስለተኛህ ነዋ!»

«አንድ ቀን ስጠኝ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«ልለምንህ? አንተን?»

አያቴ ፊቷን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ታዞራለች። «ዘንጉ ገባ?» አለች። «ገባ ወይ? አትነግሩኝም?»

እኔ ነገርኳት። ሁለቱን እንደዚያ ቀን ጠልቻቸው አላውቅም።

«እናንተ ከተዘጋጋችሁ ወዲህ ቤቴ ጭር አለ» አለች። «ልጆቼ በበዓል እንኳ አብረው አይመጡልኝም። ያንን ጭርታ እንዳልሰማ ነበር ሰዓቱን የፈለግሁት። ምነው ጆሮዬም እንደ ዓይኔ በጠፋ!»

ሁለቱም ክንዷን ሊይዙ ጠጋ አሉ። እሷ ግን በእጇ አየሩን እየዳበሰች «አንቺ የት ነሽ? ነይ አንቺ ውሰጂኝ» አለችኝ።