ባዶው ወንበርና ሦስቱ ደቂቃ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በትክክለኛ ስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሁሉም «ሦስት ደቂቃ» ነው የሚሏት። አዳዲስ ሠራተኞች ስለምታረፍድ የወጣላት ስም ይመስላቸዋል፤ እሷ ግን በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም። ስሙ የወጣላት ባመጣችው ደንብ ነው።

የቴሌቪዥን ጣቢያው የተመልካቾች ስልክ ክፍል ሁለተኛው ፎቅ መጨረሻ ላይ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። አራት ጠረጴዛና አራት ስልክ አለው፤ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ደግሞ አንድ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ሁልጊዜ ዝግ ነው፤ አለዚያ የደዋዩ ቃል አይሰማም። ስለዚህ ሦስት ደቂቃ ጣቢያው የሚያሳየውን ሁሉ ዓመት ከዓመት አይታለች፤ የሰማችው ግን የለም።

ለእያንዳንዱ ጥሪ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር አለ። መጀመሪያ የደዋዩ ስልክ ቁጥር፣ ቀጥሎ ሁለት ዓምድ፤ «ወደዱት» እና «አልወደዱትም»። ሥራ በጀመረችበት ዓመት ጥሪው በዝቶ ሰው ሲያንስ አንድ ነገር አስተዋለች። ደስ ያለው ሰው «እግዜር ይስጣችሁ» ብሎ ይዘጋል። የከፋው ግን ከአያቱ ጀምሮ ካልነገረ አይለቅም። ስለዚህ ጥሪው ሦስት ደቂቃ ካለፈ፣ ሰውየው ምንም ይበል ምን፣ «አልወደዱትም» ላይ ምልክት አድርጎ ጆሮን ማሳረፍ ይቻላል አለች። ለአንድ ወር ቢፈትኑት አንድም ጊዜ አልሳተም። ስልኮቹ ላይ ሦስት ደቂቃ ሲሞላ የሚበራ ትንሽ ቀይ መብራት ተገጠመ፤ ለእሷም የምስጋና ወረቀት ተሰጣት። ባሏ አናጢ ነበርና ወረቀቱን ራሱ ክፈፍ ሠርቶለት ሳሎን ሰቀለው። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «የኔ ሚስት ሰውን በሦስት ደቂቃ ታውቃለች፤ እኔን ግን ይኸው ዘጠኝ ዓመቷ!» ይል ነበር።

በዚያን ጊዜ እሁድ አሥር ሰዓት ላይ የሚተላለፍ «የጋራ በር» የሚባል ኮሜዲ ነበር። አንድ ጡረተኛ መምህርና አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ተጎራብተው፣ አንድ በር ተጋርተው ይኖራሉ። ቀኑን ሙሉ ሲናቆሩ ይውላሉ፤ ሲመሽ አንዱ ያለ ሌላው እህል አይወርድለትም። መምህሩ ረጅም ንግግር ያደርጋል። ቧንቧ ሠራተኛው በሩ አጠገብ ባለችው ባለ ሦስት እግር ወንበር ላይ እንደተቀመጠ በአንዲት ቃል አፈር ድሜ ያስግጠዋል። አገር በዚያች ቃል ይስቅ ነበር።

እሷ እሁድ እሁድ ተረኛ ስለነበረች ቀልዱን የምትሰማው ከባሏ ነው። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ሳሎን መሃል ቆሞ ይተርክላታል። መምህሩን ሆኖ ይናገራል፣ እጁን ያወናጭፋል። ችግሩ ቧንቧ ሠራተኛው መልስ ላይ ሲደርስ ነው።

«እሺ፣ ምን አለው?» ትለዋለች።

«አለው... አለው...» ይልና ሳቅ ያፍነዋል። እንባው እስኪወርድ ይስቃል። ቀልዱ እዚያው ይቀራል። እሷም በቀልዱ ሳይሆን በእሱ ትስቃለች።

ኮሜዲው ካበቃ አሥራ አንድ ዓመት፣ ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው።

ዘንድሮ «የጋራ በር» ይመለሳል ተባለ። ቀረጻው ሊጀመር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቧንቧ ሠራተኛውን የሚጫወተው ተዋናይ ሞተ። አዘጋጇ ሰው አልተካችም። ወንበሯን በቦታዋ ተወቻት። መምህሩ እንደ ድሮው ወደ ወንበሯ ዞሮ ይናገራል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ ረጅም ዝምታ ነው። ከዚያ መልስ እንደሰማ ሰው ይቆጣል፣ ወይም ይስቃል። ድሮ በየመሃሉ ይገባ የነበረው የተቀዳ ሳቅም ወጥቷል።

ከመጀመሪያው እሁድ በፊት አለቃው ወደ ስልክ ክፍሉ ብቅ አለ። «ስሙኝማ። ላይ ያሉት ሰዎች ፈርተዋል። አምስት እሁድ እናያለን። ከዚያ ወረቀታችሁ ይደመርና ‹አልወደዱትም› ካመዘነ ወንበሩ ላይ ሌላ ተዋናይ ይቀመጣል። ሰውየው ካሁኑ ተዘጋጅቷል።»

«ምን አጠፋ ወንበሩ?» አለች የጎን ባልደረባዋ፣ ወሬ ስለማይነጥፍባት «ራዲዮ» የሚሏት። «አያረፍድ፣ እድገት አይጠይቅ! እኔ ብሆን አለቃ አደርገው ነበር።»

«የኔን ወንበር ማለትሽ ነው?» አለ አለቃው፤ ሌሎቹ ሳቁ።

ሦስት ደቂቃ አልሳቀችም። በዚያ ሳምንት ማስታወቂያውን ድምፅ በሌለው ቴሌቪዥን አይታዋለች። እዚያ ሳጥን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ለእሷ ዝም ያለ ነው፤ የመምህሩ ዝምታ ግን ሌላ ነበር። መልስ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው። እሷም ማታ ቤቷ ስትገባ ቁልፏን አዙራ፣ በሩን ከፍታ፣ አንድ አፍታ እንዲያ ትቆማለች። ወንበሩ እንዲቆይ ፈለገች። አስተያየቷን የጠየቃት ግን አልነበረም፤ ሥራዋ የሰው አስተያየት መመዝገብ ነው።

እሁድ አሥር ሰዓት ከሩብ ሲሆን አራቱም ስልኮች በአንዴ ጮኹ።

«እኔ የተቀመጥኩት ለሳቅ ነው! ለቅሶ ከፈለግሁማ ጎረቤት ሞልቶኛል!» አለች አንዲት ሴት።

«ተዋናዩን ቀብራችሁ ደመወዙን ለወንበሩ ልትከፍሉ ነው?» አለ ሌላው።

አንዱ ደግሞ እየተንተባተበ፣ «የቴሌቪዥኔ ድምፅ ተበላሸ ብዬ ጎረቤቴ ያለውን ጠጋኝ ጠርቼ በሰው አሳቃችሁብኝ! ሰውየው ‹ደህና ነው ጌታዬ፣ የተበላሸው ፕሮግራሙ ነው› ብሎኝ ሄደ» አለ።

ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ዝግ ያለ ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ።»

«አቤት አባባ። ፕሮግራሙን ወደዱት ወይስ አልወደዱትም?»

«ቆይ፣ እሱን እንደርስበታለን። መምህሩ ‹ቧንቧው ዛሬም ያንጠባጥባል› ብሎ ወደ ወንበሯ አልዞረም?»

እሷ የሰማችው ነገር የለም፤ ሲዞር ግን አይታለች። «ዞሯል» አለች።

«ምን ብሎ የመለሰለት ይመስልሻል?»

«ወንበሩ ላይኮ ማንም የለም አባባ።»

«እሱን አየሁ፤ ገና አልታወርኩም። ምን እንዳለው ልንገርሽ? ‹ተወው ያንጠባጥብ፤ ብቻህን ከምትሆን ድምፅ ይሁንህ› ነው ያለው።»

ሳታስበው ሳቀች። ራዲዮ ዞር ብላ አየቻት። የቧንቧ ሠራተኛውን መልስ እስከ መጨረሻው ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሽማግሌው ቀጠለ። ሚስቱ ከእሱ ትይዩ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር ፕሮግራሙን የምታየው። እሱ መልሱን ከቧንቧ ሠራተኛው ቀድሞ ይናገራል፤ እሷ ደግሞ «ዝም በል፣ አሰማኝ!» ትለዋለች። «አሁን ዝም በል የሚለኝ የለም። እንደልቤ እመልሳለሁ» አለ። «መምህሩም ይታገሠኛል። ደግ ሰው ነው፤ እስክጨርስ ይጠብቀኛል።»

ቀዩ መብራት በራ። እጇ በልማዱ ሄዶ «አልወደዱትም» ላይ ምልክት አደረገ። ጆሮዋ ግን አልሄደም፤ እስኪጨርስ ሰማችው።

በሚቀጥለው እሁድ ስልኩን እየጠበቀች መሆኗን ስታውቅ ለራሷም ገረማት። ሰዓት ሠሪው አላሳፈራትም፤ አራት መልስ አዘጋጅቶ መጣ። ሌሎችም እንደ እሱ ያሉ መደወል ጀመሩ። አንዲት ነርስ ስለ ወንበሩ ጀምራ እናቷ ስለተኛችበት አልጋ አወራች። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር፣ «ረዳቴ ከሞተ ወዲህ ‹ሂድ› የሚለኝ ሳልሰማ እግሬ ነዳጅ አይረግጥም፤ ሰው ደግሞ ሹፌሩ ፈዘዘ ይለኛል» አላት። ሰዎቹ በፕሮግራሙ ጀምረው በራሳቸው ባዶ ወንበር ይጨርሳሉ። እሷም አንገቷን ደፍታ ታዳምጣለች፤ ቀዩ መብራት ይበራል፣ እጇም ሥራውን ይሠራል። አሥራ ስድስት ዓመት ያለ እሷ ፈቃድ የሠራ እጅ ነው፤ ምን እንደሚያደርግ አታየውም ነበር።

አምስተኛው እሁድ ባለፈ ማግስት አለቃው ወረቀቶቹን ታቅፎ ገባ። «በቃ፣ ለየለት። ከአሥሩ ሰባቱ አልወደደውም። ሰው ሊቀመጥበት ነው።»

«አይሆንም» አለች ሦስት ደቂቃ።

«ምን ማለት ነው አይሆንም? ይኸው የገዛ እጅሽ።»

ወረቀቱን ተቀበለችው። በጣቷ እየተከተለች ወረደች፤ የሰዓት ሠሪውን ቁጥር አገኘችው። ቀጣዩን ገለጠች፤ እዚያም አለ። አምስት እሁድ፣ አምስት ጥሪ፣ አምስቱም «አልወደዱትም» ላይ።

«ይሄ ሰውዬ ወዶታል» አለች ቀስ ብላ።

«ታዲያ ምልክቱ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ሦስት ደቂቃ አልፎ ነው።»

 ራዲዮ ቀና ብላ የራሷን ስልክ ቀይ መብራት አየች።

እንደገና እንቁጠር ለማለት ፈለገች፤ ግን ምኑ ይቆጠራል? የነርሷ ቃል አልተጻፈም፣ የሹፌሩም አልተጻፈም። ከሦስት ደቂቃ በላይ የተወራ ነገር ሁሉ አንድ ምልክት ብቻ እንዲሆን ያደረገችው ራሷ ናት። የቀረው ቁጥርና ምልክት ነው።

አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ እህቴ። ደንባችን ስህተት ነው ልበላቸው? የአሥራ ስድስት ዓመቱንስ ወረቀት ምን ልናደርገው ነው?» አላት።

ስለ አሥራ ስድስቱ ዓመት እስከዚያች ደቂቃ አላሰበችም ነበር። አሁን አሰበች። ስንት ሰው ይሆን ያን ያህል ያወራው? ስንቱስ ነው ከፍቶት ሳይሆን የሚያወራው ሰው አጥቶ የደወለው?

ወረቀቶቹን ይዛ አራተኛ ፎቅ ወጣች። የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ በትሕትና ተቀበለቻት። «ስብሰባ ሊገቡ ነው፤ ጉዳይሽን ባጭሩ ንገሪኝና ላድርስልሽ» አለቻት። አፏን ከፈተች። ከየት እንደምትጀምር ጠፋት፤ ከወንበሩ፣ ከቧንቧው፣ ከባሏ ሳቅ... ባጭሩ የሚሆን አልነበረም። ጸሐፊዋ ሰዓቷን አየት አደረገች። ሦስት ደቂቃ ያንን ዓይን ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው። «ግድ የለም» ብላ ወረደች።

በስድስተኛው እሁድ ወንበሩ ላይ ጎልማሳ ሰው ተቀምጦ ታየ፤ የቧንቧ ሠራተኛው የወንድም ልጅ ነው ተባለ። መምህሩ ተናገረ፣ ሰውየው መለሰ። «የተቀዳው ሳቅም ተመልሷል መሰለኝ» አለች ራዲዮ፤ እነሱ ግን አይሰሙትም። ስልኮቹ ጮኹ።

«አሁን ገና ኮሜዲ ሆነ!»

«እግዜር ይስጣችሁ፣ ገላገላችሁን!»

ሁሉም አጭር ነው። ምልክቶቹ በሙሉ «ወደዱት» ላይ ተሰለፉ፤ ቀዩ መብራት አንዴም አልበራም። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ ሰዓት ሠሪው አልደወለም። ባልደረቦቿ ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። ለተመልካች መልሶ መደወል ክልክል ነው፤ እሷ ግን ያለፈውን ሳምንት ወረቀት አውጥታ ቁጥሩን ደወለች።

«አባባ፣ እኔ ነኝ። የስልክ ክፍሏ።»

«እንዴት ነሽ ልጄ።»

«ዛሬ ሳይደውሉ ቀሩ።»

«ምን ብዬ ልደውል? ሰው ተቀምጦበታልኮ» አለ። አልተቆጣም፤ ዝናብ መጣ እንደሚል ሰው ነው ያለው። «መምህሩ ዘንድሮ ጠብቆኝ ነበር። ዛሬ አልጠበቀኝም። አፌን ስከፍት ያ ልጅ ቀደመኝ።»

«አባባ፣ እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት» አለች። ስለ ደንቡ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ አምስቱ ምልክት ሁሉንም ነገረችው። ሽማግሌው ሳያቋርጣት ሰማ።

«ሦስት ደቂቃ» አለ በመጨረሻ። «ሦስት ደቂቃ የሚዘገይ ሰዓት ያመጡልኛል፤ ሦስት ደቂቃ የሚቀድምም ያመጡልኛል። የሚዘገየውስ ይስተካከላል። የሚቀድመው ነው ልጄ መከራው፤ ባለቤቱ ትክክል ነው ብሎ ያምነዋልና ቶሎ አያመጣውም።»

 ይቅርታ ልትለው ነበር፤ ቃሉ አነሰባት። ቴሌቪዥኑ ላይ ማስታወቂያ ያልፋል። ከዚያ ድምፅዋን አጥርታ፣ እንደ መምህሩ፣ እንደ ባሏም፣ «ቧንቧው ዛሬም ያንጠባጥባል» አለችው። ጠበቀችው።

ቀዩ መብራት በራ። እስክሪብቶዋን አላነሳችም፤ ስልኩንም አልዘጋችም። ከወዲያኛው በኩልም ስልኩ አልተዘጋም፤ መልስ ግን ገና አልመጣም። የሚሰማው የሽማግሌው ሰዓቶች ድምፅ ብቻ ነበር፤ ብዙ ናቸው፣ አንዱም ከሌላው ጋር አይገጥምም።