አሥራ አራት ዓመት በልብ የተሰፋ ካፖርት

ሰፈርተኛው «እንዳላችሁ» ይለዋል። ስሙ አይደለም፤ መልሱ ነው። ሻይ ይሁን ውሃ ሲሉት «እንዳላችሁ»፤ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ ጥላ ሲሉት «እንዳላችሁ»። አንድ ስብሰባ ላይ ብድግ ብሎ ለተናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር አሥራ አራት ዓመት ታስሮ ከወጣ ገና ሰባት ወሩ ነው።

ከመታሰሩ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ ያውም ምላሱ እንደ መቀሱ የተሳለ። ደንበኛው «እንዲህ አድርገህ ስፋልኝ» ሲለው፣ «አንተ መልበሱን አስብ፣ አሰፋፉን ለኔ ተወው» እያለ ያሾፍ ነበር። ወህኒ ቤትም የስፌት መኪና ላይ አስቀመጡት። ሜትር ግን አልሰጡትም። የእስረኛ ልብስ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት በሚባል ቁጥር ነው የሚሰፋው። ጠዋት አለቃው በሩ ላይ ይቆምና «ቁጥር ሁለት፣ አርባ!» ይላል። ማታ አርባ ቁጥር ሁለት ተደርድሮ ይገኛል። ጨርቁ አመድማ፣ ክሩም አመድማ።

በዚያ ሁሉ አመድ መሐል ግን አንዲት ፍም ነበረችው። ሲለያት የአራት ዓመት ልጅ ለነበረችው ልጁ በልቡ ካፖርት ይሰፋላት ነበር። በየዓመቱ እጅጌውን ያስረዝማል፤ ትከሻውን ያሰፋል፤ ኮሌታውን ፈትቶ እንደገና ይገጥማል። አንዱን ዓመት ቀይ፣ ሌላውን የወይን ጠጅ። እግሩ መኪናውን ሲረግጥ ከንፈሩ ያንጎራጉራል፦

መርፌዬ ብትረዝም ግንቡን ብታልፍልኝ፣
የልጄን ትከሻ በለካችልኝ።

ያን ጊዜ ምኞት ሞልቶት ነበር። ሰማያዊ ክር አማረው፤ ሦስት ወር ሙሉ አማረው። ከአንዲት ጠያቂ ሻሽ የወደቀች ሰማያዊ ብጣሽ ክር ያገኘ ቀን ከደስታው ብዛት እህል አልቀመሰም። ዛሬ ገበያው በሰማያዊ ክር ተጥለቅልቋል፤ እሱ በአጠገቡ ሲያልፍ ቀና ብሎም አያይም። ምኞቱ ለካ አጥር ተደግፎ የቆመ ሐረግ ነበር፤ አጥሩ ሲነሳ መሬት ወደቀ።

ልጅቱን ያሳደገቻት ታላቅ እህቱ ናት። ልጅቱ መጀመሪያ ከእስር የወጣ ሰሞን «አንቱ» ትለው ነበር፤ ቆይታ «አንተ» አለችው፤ ቆይታ ደግሞ «አባዬ»። አንድ ቀን ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ታቅፋ መጣች።

«አባዬ፣ ኮሌጅ የምገባበት ከተማ ብርዱ አይጣል ነው አሉ። ካፖርት ስፋልኝ።»

ልቡ ዘለለ። «ምን ዓይነት?»

«ደስ ያለህን።»

የዘለለው ልብ እዚያው ቀጥ አለ። «ቁጥር ስንት ነሽ?» አላት።

«ጫማ ነው እንዴ!» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

ጨርቁ ሦስት ሳምንት እንደታጠፈ ተቀመጠ። እህቱ መታገሥ አቃታት።

«ወንድሜ፣ ትሰፋዋለህ ወይስ ልትፈለፍለው ነው? እንደ ዶሮ ታቀፍከው እኮ!»

«እሰፋዋለሁ እትዬ፣ እንዳልሽው።»

«እኔ ምን አልኩ? አንተ በል እንጂ!»

ልጅቱ በምትሄድበት ቀን ጠዋት ካፖርቱን ይዞ ወጣ። ስፌቱ እንከን አይወጣለትም። ለበሰችው፤ መስታወት ፊት ዞር ዞር አለች፤ እጆቿን በጎኗ ሰደደች። ተንሸራተው ወረዱ። ደግማ ሰደደቻቸው።

«አባዬ… ኪሱስ?»

ክው አለ። የእስረኛ ልብስ ኪስ የለውም፤ ኪስ ይደብቃላ! አሥራ አራት ዓመት ኪስ ያልሰፋ እጅ፣ ኪስ የሚባል ነገር መኖሩንም ረስቷል። በልቡ ሲሰፋው የኖረውን ካፖርት፣ ቀዩንም የወይን ጠጁንም፣ መለስ ብሎ አየው። በአንዱም ላይ ኪስ የለም።

አውቶቡሱ ሊነሳ ሦስት ሰዓት ይቀረዋል። «ይደርሳል፣ ምን ችግር አለው» ብላ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። ጠመኔውን አነሳ።

«የት ላድርገው?»

«ደስ ያለህ ቦታ።»

«ጎን ላይ? ደረት ላይ?»

«አንተ ምረጥ አባዬ። ከሱቅ መግዛት አቅቶኝ መሰለህ? አንተ የመረጥከውን ልልበስ ብዬ እኮ ነው።»

ጠመኔው ከጨርቁ ጣት ያህል ርቆ ቀረ። ግማሽ ሰዓት ሄደ። ልጅቱ ልታስቀው ብላ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ድምፅዋን አጎርንና ጮኸች፦

«ኪስ ሁለት! ጎን ላይ! ባለ ክዳን! ባስቸኳይ!»

«አቤት!» አለና ብድግ አለ።

ከዚያ በኋላ እጁን ዓይን ሊከተለው አልቻለም። ለካ፣ ቆረጠ፣ ገበር አገባ፣ መኪናው አስገመገመ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ካፖርቱን እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና እጆቹን ከጎኑ አጣብቆ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ጨርሻለሁ» አለ።

የልጅቱ ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ። «አባዬ፣ ስቀልድ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ» አላት።

ማወቁ ነበር የባሰው። ስጦታ ሊሰጣት አሥራ አራት ዓመት ተመኝቶ፣ የታዘዘውን አስረከባት።

አቀፈችው፤ ጉንጩን ሳመችው። ከአክስቷ ጋር ሻንጣውን ከወዲያና ከወዲህ ይዘው ወጡ። መንገዱ እስኪታጠፍ ሦስት ጊዜ ዞራ ስታይ በመስኮት አያት። ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር «ተከተላት» አለው፤ እግሩ ግን ሌላ ድምፅ ይጠብቅ ነበር።

እህቱ ብቻዋን ተመለሰች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«አውቶቡሱ እስኪነሳ ድረስ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ስታይ ነበር። ምነው ቀረህ፣ ምነው ወንድሜ?»

«ና አላለችኝማ።»

«ሳትባል እንድትመጣ ነበራ!» አለችው።