«የጉሮሮ ቁስለት» ብዬ የጻፍሁት ደብዳቤ

ከአስተኝቶ ማከሚያ ወደ ሪፈራል ቢሮ የተዛወርሁ ዕለት አለቃዬ የጠረጴዛ ስልክ፣ ክብ ማኅተምና ጠርዙ የተበላ ዝርዝር አስረከቡኝ። ዝርዝሩ የጤና መድን ውል ያላቸው ሆስፒታሎች ስም ነው።

«ሲስተር፣ ሳትደውይ ሰው አትላኪ» አሉኝ። «ስትደውይም ሁለት ነገር ጠይቂ። ሐኪሙ አለ ወይ? መድን ይቀበላል ወይ? አንዱን ብቻ ጠይቀሽ የላክሽው ሰው አባይን ተሻግሮ ይሄድና እየረገመሽ ይመለሳል።»

ደብረ ማርቆስ ላይ ስንት ዓመት መርፌ ስወጋ ኖሬ የስልክ ሠራተኛ አደረጉኝ ብዬ ያን ቀን አኮረፍሁ። ምሳም አልበላሁ።

ሥራው ከውጭ ለሚያየው ቀላል ነው። ገበሬው የመድን ደብተር አለው፤ ደብተሩ የሚሠራለት ግን ደረጃውን ጠብቆ ከሄደ ነው። ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳው ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ እኛ፣ ከእኛ ወደ ትልቁ። ከእኛ ሲወጣ ሁለት ወረቀት ይይዛል። አንዱ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ የሚጽፈው የሪፈር ወረቀት ሲሆን በፖስታ ይታሸጋል። ሌላው እኔ በአማርኛ የምጽፈው የመድን ደብዳቤ ነው፤ እሱ አይታሸግም። የትልቁ ሆስፒታል የመድን መስኮት የሚያነበው የእኔን ደብዳቤ ነው፤ እዚያ ላይ ከተጻፈው ሕመም ውጭ መድኑ አይሸፍንም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ካንሰር የሚል ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ ቀኑ ይጨልምብኝ ነበር።

«የካንሰር ሐኪም አላችሁ?»

«አለን።»

«የማኅበረሰብ ጤና መድንስ ትቀበላላችሁ?»

«ውሉ አልታደሰም እኮ፣ እህቴ።»

ሌላው ጋ ስደውል ውሉ አለ፣ ሐኪሙ ለቋል። ኔትዎርክ በሚጠፋበት ሳምንት ደግሞ ታካሚዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ኮሪደር ላይ እኔን ያያሉ፣ እኔ ስልኩን አያለሁ።

የኔታ ከዲማ በኩል የመጡት በጥቅምት ነው። የድጓ መምህር ናቸው፣ ቄስም ናቸው። ድምፃቸው ከሻከረ ወራት አልፎት ስለነበር ሲናገሩ ጆሮዬን ማስጠጋት ነበረብኝ። ደግፋ ያመጣቻቸው ልጃቸው አትጠገብ ናት፤ ቁይ ገበያ እህል የምትነግድ፣ ቆፍጣና ሴት። ከጉሮሯቸው የተወሰደው ናሙና ውጤት ሲመጣ የጉሮሮ ካንሰር ሆነ። ሐኪማችን ገና ብዙ አልተስፋፋም፣ የጨረር ሕክምና በቶሎ ካገኙ ድምፃቸውም ሊተርፍ ይችላል አለኝ። «በቶሎ» የምትለዋን ሁለቴ ደገማት።

አራት ቀን ደወልሁ። በአምስተኛው ቀን አዲስ አበባ ካለ አንድ ሆስፒታል የካንሰር ሐኪሟን ራሷን አገኘኋት። ውላቸው የታደሰ ነው። «ሰኞ ይምጡ፣ እኔው አያቸዋለሁ» አለችኝ። ስልኩን ስዘጋ እልል ልል ቃጣኝ።

ደብዳቤውን ልጽፍ ስቀመጥ አትጠገብ ብቻዋን ገብታ በሩን ዘጋችው።

«ሲስተር፣ በማርያም ይዤሻለሁ፣ የበሽታውን ስም እንዳትጽፊው።»

«ለምን?»

«አባየ ያነቡታል። ያገኙትን ወረቀት ሳያነቡ አያልፉም። ካንሰር መሆኑን ካወቁ እህል አይቀምሱም፣ ሳይታከሙ ያልቁብኛል።»

እኛ ዘንድ ክፉ ነገር ለዘመድ እንጂ ለታማሚው አይነገርም። እኔም አባቴ ሲታመም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። አንጀቴን በላችው። እንግሊዝኛው ላይ ሁሉም ተጽፏል፣ ይበቃል አልሁና «የጉሮሮ ቁስለት» ብዬ ጽፌ ማኅተሜን አሳረፍሁ። አትጠገብ ጉልበቴን ልትስም ስታጎነብስ ብድግ አደረግኋት። የዚያን ዕለት ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ወሬያቸው ጠፋ። እኔም ሌላ ሰው መጣብኝ፣ ሌላ ስልክ። ስለ የኔታ ደውዬ አልጠየቅሁም።

በጥር መጨረሻ አትጠገብ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። ፊቷ ከስሏል።

«የካንሰሩ ሐኪም ዘንድ አላደረሱንም» አለችኝ።

የመስኮቱ ሠራተኛ ደብዳቤዬን አንብቦ ወደ ጆሮና ጉሮሮ ክፍል መርቷቸዋል። ስለ ካንሰር ክፍሉ ብትጠይቅ «ደብዳቤው አይልም፣ መድኑ አይሸፍንም» ተባለች። የታሸገውን ፖስታ የሚከፍተው ሐኪም ነው፤ ለሐኪሙ ደግሞ ረጅም ወረፋ ተሰጣቸው። ወረፋ ለመጠበቅ አገራቸው ቢመለሱ መንገድ ተዘጋና ቀጠሮው አለፈ። እንደገና ወረፋ። ሰኞ ስትጠብቃቸው የነበረችው ሐኪም ቀሩ ብላ ስማቸውን ሰርዛለች። በመጨረሻ ትንፋሽ ቢያጥራቸው በድንገተኛ ገብተው አንገታቸው ላይ መተንፈሻ ቱቦ ተደረገላቸው።

«ታዲያ ለምን አልደወልሽልኝም?» ብዬ ጮህሁባት።

«መች ቁጥርሽን ሰጠሽኝ?»

ስልኩን አነሳሁ። ያቺኑ ሐኪም ፈልጌ ለመንኋት፤ ቀን ሰጠችኝ። አዲስ ደብዳቤ አውጥቼ «የጉሮሮ ካንሰር» ብዬ ጻፍሁ። አትጠገብ ቆማ አየችኝ፣ አልከለከለችኝም።

የኔታ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ደብዳቤውን በእጃቸው ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ከቁጥሩ እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበቡት። ቱቦው ከገባላቸው ወዲህ ድምፅ የላቸውም፤ ከካባቸው ኪስ እርሳስና ደብተር አወጡ። እንደ ብራና ጽሕፈት ቀጥ ባለ ፊደል እንዲህ ብለው ጻፉልኝ።

«ልጄ፣ ይኸን በጥቅምት አውቄዋለሁ። እኔ ስንት ሞት የቀረበው ሰው ያናዘዝሁ ነኝ። አትጠገብ እንዳትደነግጥብኝ ብዬ ዝም አልሁ። ብትጠይቂኝ ጻፊው እልሽ ነበር።»

አትጠገብ በትከሻዬ ላይ አሻግራ አንብባው ኖሯል። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። እኔ «ይቅር ይበሉኝ፣ የኔታ» አልኋቸው። መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ። ያ ነው የባሰብኝ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጨረሩን አገኙ፣ ግን ዘግይቶ። ድምፃቸው አልተመለሰም። እስከ ሰኔ ድረስ ተማሪዎቻቸው ሲያዜሙ በጣታቸው እየመሩ፣ የሳተውን በመቋሚያቸው መሬት እየመቱ አስተማሩ ብላ አትጠገብ ነግራኛለች። በሐምሌ አረፉ።

ጡረታ ስወጣ ቢሮውን ለምትተካኝ ነርስ ስልኩን፣ ማኅተሙንና ዝርዝሩን አስረከብኋት። አለቃዬ የነገሩኝን ሁለት ጥያቄ ነገርኋት። ሦስተኛውን እኔ ጨመርሁበት፤ ታማሚው ሕመሙን ያውቃል ወይ? ይህን ዘመዱን አትጠይቂ፣ ራሱን ጠይቂ። ከዚያ የሕመሙን ስም እንዳለ ጻፊ። ስልክ ቁጥርሽንም ከሥር ጻፊበት።