በላይኛዋ ሴንሰር ላይ የነበረው ቀይ ቀለም

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም። ለልጄ አልነገርኩትም። ባለቤቴ በሕይወት ቢኖር ለእሱም የምነግረው አይመስለኝም። ምስጢሩ ስንት ዓመት አብሮኝ ሲተኛ፣ አብሮኝ ሲነሳ ኖረ። አሁን ሰለቸኝ። እሱም ሰለቸኝ፣ እኔም ራሴን ሰለቸሁት። እናንተ የምታነቡት ስሙኝ፤ ግን ቶሎ አትዘኑልኝ።

አቦከር ሰፈር የምኖር አሮጊት ነኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ አፌ ግን የትም አልቆመም። ሰፈሩ "ዳኛዋ" ይለኛል። ውሃ ወረፋ ላይ ያለተራው የገባ ጀሪካን ካለ ጎትቼ የማወጣው እኔ ነኝ። ዘይት ሲከፋፈል ለዘመድ በጓሮ በር ከወጣ በሩ ላይ ሄጄ የምቆመው እኔ ነኝ። ሁለት ጎረቤት በአጥር ሲጣላ "እስቲ ዳኛዋን ጥሯት" ይባላል፤ እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ እሄዳለሁ። ፍርድ የሚጣመምበት ቦታ መቀመጥ አልችልም እያልኩ ነው የኖርኩት። ታዲያ አሁን የምነግራችሁን ያደረገችው ማን ናት? ሌላ ሴት ናት?

ነገሩ የጀመረው ከፒካፓችን ነው። ባለቤቴ ጡረታ ሲወጣ ገዝቶ፣ ሳይጠግባት ትቷት የሞተ መኪና ናት። ልጄ ግርማ ከሐረማያ ድንችና ሽንኩርት ይጭንባታል፤ ቤታችን የሚበላው ከእሷ ነው። እሷ ስትቆም ሁላችንም እንቆማለን። ያን ጊዜ ቆመች። ቆማ ብትቀር እኮ ይሻል ነበር። ጠዋት ያለ ምንም ችግር ትነሳለች፣ ሞተሩ ሲሞቅ መንገድ መሃል ጭጭ ትላለች፣ ሲበርድላት ደግሞ ምንም እንዳልሠራች ሰው ትነሳለች። ግርማ ሽንኩርት ጭኖ ዳገት ላይ ይቆማል፣ እኔ ቤት ስልኬን ይዤ እንጨረጨራለሁ። አንዱ መካኒክ ነዳጁ ነው ይላል፤ ፊልትሮ እንቀይራለን። ሌላው ባትሪው ነው ይላል፤ ባትሪ እንቀይራለን። መኪናዋ እንደሆነ ትስቅብናለች። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ "ሰው ብትሆኚ አሳይሽ ነበር" ብዬ በጥፊ መትቻታለሁ። ያመመኝ እጄን ነው።

በመጨረሻ አንድ ሹፌር፣ የሞተሩን ዙር የሚያነብ ሴንሰር የሚባል ነገር አለ፣ እሱ ሲበላሽ በሙቀት ይዘጋል አለን። ሴንሰር። እኔ የሰማሁት አንድ ነው።

እዚህ አገር መኪናውን ጋራዥ የሚያስገባ ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል። አስቀድሞ ዕቃው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ሲቀየርለት ደግሞ አሮጌውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይዞ ይሄዳል። መካኒኩ ኦርጅናሉን አውልቆ የማንንም ጥራጊ እንዳይገጥምበት ነው። ጎረቤቶቼ ሁሉ ይህንኑ መከሩኝ። እኔም የልጅ ልጄን ቀይ የጥፍር ቀለም ይዤ ወጣሁና ግርማን "ሴንሰሩ የቱ ነው?" አልኩት። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ አናት ላይ ገመድ የተሰካባትን ጥቁር ነገር አሳየኝ።

"ይቺ ናት መሰለኝ፣ እማዬ።"

መሰለኝ ማለቱን አልሰማሁም። እኔ የምሰማው የምፈልገውን ነው። ቀባኋት።

መካኒኩ ጀማል ከከተማው ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ኤረር በር አጠገብ በቆርቆሮ የተከለለች ጋራዥ ነበረችው። እናቱ አዴ ፋጡማ እዚያው በሩ ሥር ሎሚና ቃሪያ ትሸጣለች፤ እኔም ሁልጊዜ ከእሷ ነው የምገዛው። እሷም ሁልጊዜ አንድ ሎሚ ምርቃት ትጨምርልኛለች። ልጇን ያወቅሁት በእሷ ነው። ቀልደኛ ነበር።

"እማማ፣ ወንበር አለ፣ ይቀመጡ። ፀሐይ ነው።"

"ቆሜ ነው የማይህ።"

"አቦ፣ ይዩኝ። ብሎን ብውጥም ያዩኛል።"

ሞተሩን አስነስቶ እስኪሞቅ ጠበቀ። እንደ ልማዷ ጠፋች። ያን ጊዜ ውሃ ይዞ ከሥር ገባ፣ ታች አንድ ቦታ ላይ ቀስ አድርጎ አፈሰሰ፣ "አስነሳ" አለው ግርማን። ተነሳች። ሕመሟ እዚያ እንደሆነ በዚህ አወቀ። ከዚያ በጀርባው ተኝቶ፣ ክንዱን እስከ ክርኑ ሞተሩና ካምቢዮው መሃል ከትቶ፣ ዓይኑ ሳያይ በጣቱ እየዳበሰ ፈታት። እኔ ከቆምኩበት የማየው እግሮቹን ብቻ ነው። አዲሷን ገጠመ፣ ግርማም ልሞክራትና በዚያው ቤት እገባለሁ ብሎ ዳገቱን ይዞ ወጣ። እኔ አሮጌውን ልቀበል ቀረሁ።

በጨርቅ ጠራርጎ ሰጠኝ። ገለባበጥኩት። ቀይ የለበትም።

"ይሄ የኔ አይደለም" አልኩት።

"የማን ይሆናል ታዲያ?"

"የኔ ላይ ቀይ ቀለም አለ። ራሴ ነኝ የቀባሁት።"

ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ያቃጠለኝ። "እማማ፣ ወላሂ፣ ሴንሰሩ ሁለት ነው። አንዱ ላይ ነው፣ አንዱ ታች። የላይኛዋን ይሆናል የቀቡት።"

"እኔ ስመጣ አንድ የነበረው አሁን ሁለት ሆነ?"

ጎማ ሊያስነፋ የቆመ ባለባጃጅ "አቦ ጀማል፣ ሰው ጠፍቶ ዳኛዋን ትሸውዳለህ?" አለ። ሰው ሳቀ። ሰው ሲስቅልኝ ድምፄ ከፍ አለ። ሌባ አልኩት። ልጅ አይደለም፣ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ነው፤ በደንበኞቹ ፊት፣ እናቱ በምትሰማበት ቦታ፣ ሌባ አልኩት። አንድ ጊዜ ብቻም አላልኩትም። እሱ "መኪናዋ ትምጣና ኮፈኑን ከፍተን እንይ" ይላል፣ እኔ ሌባ እላለሁ። በአካባቢው የነበሩ ሽማግሌዎች ገቡና፣ ጠዋት መኪናዋ መጥታ በሁላችን ፊት ትታይ ብለው ገላገሉን። ፍርዱ ትክክል ነበር። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምፈርደው።

ከሰዓት በኋላ ግርማ እያፏጨ ገባ። ዳገቱን ሳትቆም ወጣችለት። ኮፈኑን ይብረድ ብሎ ክፍት ትቶት ምሳውን ሊበላ ሄደ። እኔ ቀረብ አልኩ።

ቀዩ ቀለም እዚያው ነበር። ሞተሩ አናት ላይ፣ እኔ የቀባሁት፣ እኔ ባኖርኩበት ቦታ። ጀማል እውነቱን ነበር። ሁለት ነበሩ።

አሁን ንገሩኝ፣ ምን ያቅተኝ ነበር? ኤረር በር ሩቅ ነው? እግሬ ያኔ ደህና ነበር። ሄጄ "ልጄ፣ ተሳስቻለሁ" ብል ምን እሆን ነበር? ሰው ይስቅብኝ ነበር። ያ ባለባጃጅ ይስቅብኝ ነበር። ውሃ ወረፋ ላይ ጀሪካን ሳወጣ አንዷ "ደግሞ እንደ ሴንሰሩ እንዳይሆን" ትለኝ ነበር። በቃ ይኸው ነው። ከዚህ የበለጠ ምክንያት የለኝም፤ ብፈልግም አላገኘሁም። ሳቅ ፈርቼ ነው።

ወደ ቤት ገብቼ የልጅ ልጄን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ከጥጥ ጋር አመጣሁ። ጠረግኩት። ማንም አላዘዘኝም፣ ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፣ እኔ ጠረግኩት። አልለቅ ሲል በጥፍሬ እየፋቅሁ ጠረግኩት።

ጠዋት ግርማ መኪናዋን አድርሶ ወደ ጉዳዩ ሄደ፤ ሽማግሌዎቹ ኮፈኑን ከበው ቆሙ። ጀማል "ይቺ ናት የላይኛዋ፣ እዩዋት" ብሎ አሳያቸው። አንደኛው መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። ቀይ የለም። ሌላው "ምንድነው እንዲህ የሚሸተው?" አለ። ነዳጅ ነው አልኩ።

እነሱ ያላዩትን ጀማል አየው። ያ ሞተር የሐረማያን መንገድ አቧራ ከዘይት ጋር አቡክቶ ተለብጧል፤ የላይኛዋ ሴንሰር ብቻ ታጥባ እንደወጣች ሳህን ታበራለች። አያት። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ጀማል በአንድ ቃል ሊያዋርደኝ ይችል ነበር። "ለምን ይቺ ብቻ ንጹሕ ሆነች?" ቢል ያበቃልኝ ነበር። አላለም።

"በቃ" አለ። "እማማ እንዳሉት ይሁን።"

ሽማግሌዎቹ እንግዲያው ይቅርታ ጠይቃት አሉት። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ነካ። እኔም "ይቅር ብዬሃለሁ" አልኩት። ሰምታችኋል? ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት፣ እኔ።

ከዚያ በኋላ መኪና ይዞ የሚመጣለት ሰው እየሳሳ ሄደ። ዳኛዋ ሌባ ያለችው ሰው ነዋ። ባለቦታው ቆርቆሮውን አንሳ አለው። ጀማል ጅግጅጋ ሄዶ በሰው ጋራዥ ተቀጠረ። የኔ ስም ግን ጭራሽ ገነነ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ሹፌሮች ያዩኝ እንደሆነ "መካኒክ የሚፈራዎት እማማ" ይሉኛል። አንዳንዱ ጋራዥ ሲሄድ አብሬው እንድቆምለት ይለምነኝ ነበር። ሄጄም ቆሜያለሁ። እንዴት ያለ ዓይን ነው ያለኝ?

አዴ ፋጡማ አንድም ቀን ክፉ አልተናገረችኝም። ሎሚ ስገዛ ትሸጥልኛለች። ምርቃቱ ብቻ ቀረ። ሌላው ሲገዛ ትጨምራለች፣ ለእኔ የገዛሁትን ቆጥራ ትሰጠኛለች። በሚዛን የምጨቃጨቀው እኔ፣ ያንን አንድ ሎሚ ለመጠየቅ አፌ ተይዞ ኖረ።

ዘንድሮ መኪናዋ እንደገና ታመመች። ከከተማው ግንብ ውጭ ያለ ሌላ መካኒክ መረመራትና አሁን የተበላሸችው የላይኛዋ ሴንሰር ናት አለ። ቀየራት። እንደ ደንቡ አሮጌዋን እጄ ላይ አኖረልኝ፤ ከዚያ መልሶ አያትና "እማማ፣ ይቺ ቀይ ምንድናት?" አለኝ። ገመዱ በሚገባበት ስንጥቅ ውስጥ፣ ጥፍሬ ያልደረሰበት ቦታ፣ ቀለሙ ተቀምጦ ቆይቶኛል።

"እኔ ምን አውቅልሃለሁ?" አልኩት።

እንግዲህ እዩት። በዚህ ዕድሜዬ፣ ማንም ሳይከሰኝ፣ ደግሜ ዋሸሁ። ግርማ አጠገቤ ቆሞ ነበር። መኪና ውስጥ ገብተን ቁልፉን ሳያዞር "እማዬ፣ ያኔ የቀባሻት ይቺን ነበር እንዴ?" አለኝ። "ኤረር በር አውርደኝ" አልኩት።

አዴ ፋጡማ እንደ ልማዷ ከሎሚዋ ኋላ ተቀምጣለች። አጎነበስኩና ሴንሰሯን አሳይቼ በጆሮዋ ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት፣ አሴቶኑንም ጭምር። እሷ ሎሚውን መደርደር አላቆመችም።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "ልጄ የዚያን ዕለት ነግሮኛል። ንጹሕ ነበረች አለኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?"

"ማን ሊያምነን? አንቺ ዳኛዋ ነሽ።" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "ያን ቀን ስትጮሂ እዚህ ተቀምጬ እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ። ዛሬ ምነው በጆሮዬ?"

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ገበያው ሞልቷል፣ ባጃጆቹ ተሰልፈዋል፣ ያ የጀማል ቆርቆሮ የነበረበት ቦታ አሁን የጎማ መደብር ሆኗል። አፌን ከፈትኩ። በሕይወቴ ከድቶኝ የማያውቅ ድምፅ ከዳኝ። ሌባ ለማለት የሮጠ አፍ፣ ውሸታም እኔ ነኝ ለማለት እንቢ አለ። አዴ ፋጡማም ጠበቀችኝ ጠበቀችኝና ወደ ሎሚዋ ተመለሰች።

ስለዚህ ጻፍኩት። ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ ይህን ወረቀት ይዤ እዚያው በሩ ሥር እቆማለሁ፤ ድምፄ እንቢ ካለ ማንበብ የሚችል ሰው ጮክ ብሎ ያነብልኛል። ባለባጃጁም ካለ ይሳቅ፣ ሳቁ ተቀምጦለት የቆየ ነው። ጅግጅጋ ላለው ለጀማል ደግሞ ግርማ በስልኩ ይልክለታል። ጀማልን ይቅር በለኝ አልለውም፤ ጉልበቴን ያስነካሁት ሰው ላይ ሌላ ሥራ አልጨምርም። ያን ጠዋት "ይቅር ብዬሃለሁ" ያልኩትን ቃል ግን እመልሳለሁ፤ ይቅር የምለው ነገር አልነበረኝም። ጀማል የማንንም ዕቃ አልሰረቀም። ሴንሰሩ ሁለት ነበር። ቀዩን ቀለም የጠረግኩት እኔ ነኝ።