በቅሎዬ ሰርግ ተጠርታ እኔ ቀረሁ

ትናንት በቅሎዬ ሰርግ ተጠራች... እኔ አልተጠራሁም።

ከመነሻው ልንገራችሁ። እኔ እንግዲህ የማታ ትምህርት ተምሬ ይኸው በገዛ ጣቴ የምጽፍ ሰው ነኝ። ከክፍላችን እንደኔ ፈጥኖ ያነበበ የለም፤ መምህሯ ሰሌዳው ላይ ጽፋ ሳትጨርስ እኔ ቀድሜ እጨርስላት ነበር። አሁን የማላነበው ነገር የለም... የሳሙና ካርቶን፣ የባጃጅ ጀርባ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ።

በቀደም ለገበያ መካነ ሰላም ወጥቼ የእንስሳት ክሊኒኩ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ሰዉ ከቦ ያየዋል እንጂ የሚያነብ የለም። ጉሮሮዬን ጠረግኩና ለቀቅኩት። ቆዳን እብጥብጥ የሚያደርገው፣ እኛ የከብት ፈንጣጣ የምንለው በሽታ ገብቷል ይላል። በሬና ላም ይይዛል። ፈረስ፣ በቅሎና አህያ አይዝም። ሰውም አይዝም። በግና ፍየል ደግሞ የራሳቸው ሌላ ፈንጣጣ አላቸው።

«እሰይ፣ ቀጥል» ሲሉኝ ልቤ አበጠ። እስከ መጨረሻዋ መስመር ወረድኩ... የታመመ ከብት የሚያስታምም ሰው በልብሱና በእጁ ይዞት ሊሄድ ስለሚችል ጤነኛ ከብት ወዳለበት ግቢ አይግባ። እሷንማ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኳት፤ ድምፄ አምሮልኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የኔው በሬ ቦራ ትኩሳት ያዘው። ቆዳው ሥር ባቄላ የተበተነበት መሰለ።

አያ ደምሌ መቀናጆዬ ናቸው። እሳቸው አንድ በሬ፣ እኔ አንድ በሬ፤ አብረን ጠምደን በየተራ እናርሳለን። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ የምበላው እሳቸው ቤት ብቻ ነው። የትናንቱ ሰርግ የልጃቸው ነበር። ጋቢዬን አጥቤ፣ ቀልድ አዘጋጅቼ ነው የጠበቅኩት።

ጠዋት መጡ። አጥሩን ግን አላለፉም።

«ቦራ እንዴት አደረ?»

«ትንሽ ድርቆሽ ቀምሷል። ይግቡ እንጂ አያ።»

«የለም፣ እዚሁ ይሻለኛል... በቅሎዋን ልወስድ ነው። የሙሽራዋ ቤት ባጃጅ አይደርስም።»

«ደግ፣ እኔው እየሳብኩ አመጣታለሁ።»

በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ።

«አንተማ ቅር። የኔም በሬ ግቢው ውስጥ ነው።»

«አያ፣ እሷኮ ከቦራ ጎን ነው የምታድረው። እኔ እንኳ የማድረው አልጋ ላይ ነው።»

«ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ ስሰማህ በቅሎ አይዝም ያልክ አንተ ነህ። አስታማሚው አይግባ ያልክም አንተ ነህ... ደግሞ ሁለቴ።»

በቅሎዬን ዳማን በሳሙና አጠብኳት፤ ኮርቻ ጭኜ በአጥሩ በኩል አቀበልኳቸው።

«አብሽር፣ ቦራ ይዳን እንጂ ገና ብዙ እንበላለን» አሉኝ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ አንዴ ዞረው አዩኝ።

ከሰዓት በኋላ ከበሮው ከማዶ ይሰማኝ ጀመር። ምን ላድርግ... በረት ገብቼ ለቦራ እስክስታ ወረድኩለት። ያዘጋጀኋቸውን ቀልዶችም አንድ በአንድ ነገርኩት። በሬ አይስቅም፤ ግን እስክጨርስ ጆሮውን ወደኔ እንዳዞረ ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አያ ደምሌ ዳማን አጥሩ ላይ አስረው፣ ተጣርተው ሄዱ። ስወጣ ሰው የለም። አንገቷ ላይ ቀይ ክር፣ ኮርቻዋ ላይ በጨርቅ የተቋጠረ ድፎ ዳቦና ሥጋ።

«ሰርጉ እንዴት ነበር?» አልኳት። ስፈታት ቀጥ ብላ ሄዳ ቦራ ጎን ቆመች።

ድፎውን ለሁለት ቆረስኩት... ግማሹን ለማን እንደቆረስኩት እንጃ።

ለማታ ተማሪዎች አንድ ምክር አለኝ፦ ማስታወቂያ ለሰው ስታነቡ የመጨረሻዋን መስመር ለራሳችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቧት።